የመስኮቱ ዐጻዌ ኆኅት

ባለፈው ሰሞን ጢሜን ልላጭ ከመስተዋት ፊት ቆሜ ሳለሁ፣ በየማለዳው ሳላስተውል የማልፈው ፊቴ ሁለት ሰዎች ተከፋፍለው የያዙት መስሎ ታየኝ፤ ቀኙ ጉንጬ በዕድሜዬ ልክ የሸበሸበ ሲሆን፣ ግራው ግን ከዓይኔ ጥግ ጀምሮ እስከ መንጋጋዬ ድረስ ይበልጥ የጠቆረ፣ ይበልጥም የተሸነተረ ሆኖ፣ የታላቅ ወንድሜን ፊት መሰለ። ለባለቤቴ ባሳያት «ማድያት ነው፤ ለሴት ብቻ ነው ያለህ ማን ነው?» ብላ አለፈችው። እኔ ግን ነገሩ ስላልተዋጠልኝ ወደ ቆዳ ሐኪም ሄድሁ፤ እርሱም አገጬን ይዞ ወደዚህና ወደዚያ ካዞረኝ በኋላ፣ ስለምበላውና ስለምጠጣው መጠየቁን ትቶ «ቢሮ ሲቀመጡ መስኮቱ በየት በኩል ይሆናል?» አለኝ። በግራ በኩል ነው። ያውም ወደ ምሥራቅ የሚያይ፣ ከወለል እስከ ጣራ የሚደርስ መስተዋት ነው፤ እኔም ከጎኑ ዐሥራ ሰባት ዓመት ተቀምጫለሁ።

እውነቱን ለመናገር፣ ፀሐይ የሚጎዳው ሞፈር ጨብጦ የሚውለውን ገበሬ፣ በግ የሚጠብቀውን እረኛና ባርኔጣ የሌለውን ቀን ሠራተኛ እንጂ፣ ከጣራ በታች ተከልሎ ብዕር የያዘውን ጸሐፊ አይደለም ብዬ አምን ስለ ነበር፣ ጥያቄው ቀልድ መስሎኝ ነበር።

በቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት ዐጻዌ ኆኅት የሚባለው አገልጋይ በሩን የሚዘጋና የሚከፍት፣ የሚገባውን አስገብቶ የማይገባውን የሚመልስ ነው። የመስኮት መስተዋትም ለቤታችን እንዲሁ ያለ በረኛ ነው፤ ነፋሱንና አቧራውን በውጭ አስቀርቶ ብርሃኑን ያስገባልናል። ሆኖም ይህ በረኛ ከብርሃኑ መካከል የሚያስገባውንና የሚመልሰውን የሚለይበት ሕግ እኛ ከምንገምተው የተለየ፣ ከጥቅማችንም አንጻር ሲታይ የተገለበጠ መሆኑን፣ ሐኪሙ የጀመረልኝን ትምህርት በመጻሕፍት ስከታተል ተረዳሁት።

እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1801 ዮሐን ቪልሄልም ሪተር የተባለው ጀርመናዊ ሊቅ፣ ብርሃን ሲነካው የሚጠቁር የብር ጨው ወስዶ፣ እንደ ቀስተ ደመና ተዘርዝሮ በተዘረጋው የፀሐይ ብርሃን ላይ በየቀለሙ ተራ ቢያኖረው፣ ጨዉ ከሁሉ ይልቅ ፈጥኖ የጠቆረው በቀዩ ወይም በአረንጓዴው ላይ ሳይሆን፣ ሐምራዊው ካበቃበት ወዲያ፣ ዓይን ምንም ብርሃን በማያይበት ስፍራ ሆኖ ተገኘ። ያን የማይታይ ብርሃን ዛሬ አልትራቫዮሌት እንለዋለን፤ ሊቃውንቱም በሦስት መደብ ከፍለውታል። የሞገዱ ርዝመት ከ280 ናኖሜትር በታች የሆነው፣ ሲ የሚሉት፣ ከሁሉ የከፋ ቢሆንም የኦዞን ድባብ በሰማይ ስለሚውጠው ወደኛ አይደርስም። ከ280 እስከ 315 ያለው ቢ የቆዳውን ላይኛ ክፍል የሚያቃጥልና የሚልጥ ነው። ከ315 እስከ 400 ያለው ኤ ደግሞ አያቃጥልም፣ አያሳክክም፣ መምጣቱም አይታወቅም፤ ነገር ግን ከቆዳ ሥር ጠልቆ በመግባት፣ ድርና ማግ ሆኖ ቆዳን ወጥሮ የያዘውን ኮላጅን የሚባል ጅማት ቀስ በቀስ ይበጣጥሳል። ወደ ምድር ከሚደርሰው አልትራቫዮሌት ከመቶ 95 ያህሉም ይኸው ዝምተኛው ነው።

እንግዲህ በየቤታችን ያለው ተራ መስተዋት ቢን ከሞላ ጎደል ፈጽሞ ሲመልሰው፣ የኤን ትልቁን ክፍል ግን ያሳልፈዋል። ከመስተዋት ጀርባ ሰው ስለማይቃጠል የተከለለ ይመስለዋል፤ የሚያስጠነቅቀው ሕመም በደጅ ስለ ቀረ፣ ጉዳቱ ደወል ሳያሰማ ይገባል።

የዚህ በረኛ ፍርድ መገልበጥ በይበልጥ የተገለጸልኝ ግን ከሐኪሙ ቤት ሳይሆን፣ አንዲት ዘመዳችን ወልዳ ልንጠይቃት በሄድንበት በኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። አያቲቱ ሕፃኑን ቅቤ ቀብተው፣ ከተዘጋው መስኮት ሥር ራቁቱን አስተኝተው ፀሐይ ያሞቁታል። «እማዬ፣ መስኮቱን ከፈት ቢያደርጉትስ?» ብላቸው፣ «ኧረ ልጄ፣ ብርድ ይመታብኛል! ደግሞ ከታች የሚያንጋጥጠው ዓይን ስንት ነው? ሙቀቱ እንደ ሆነ እየገባ ነው» አሉኝ። ሙቀቱማ ይገባል፤ ብርሃኑም ይገባል። የማይገባው፣ የሕፃኑ ቆዳ ቫይታሚን ዲን የሚሠራበት ቢ የተባለው ጨረር ነው፤ ሪኬትስ የሚባለው የአጥንት መለስለስም ዘወትር ፀሐይ በሞላበት አገራችን የሚታየው፣ አንዱ ምክንያት ሕፃናትን ከብርድና ከሰው ዓይን ስንል በቤት ውስጥ ስለምንሸሽጋቸው ነው። የጤና ባለሙያዎች ሕፃን ያለ መስተዋት በቀጥታ ፀሐይ ይሙቅ የሚሉት ስለዚህ ነው። እንግሊዞች በ1920ዎቹ፣ የከሰል ጢስ ሰማያቸውን ሸፍኖባቸው ሳለ፣ ቢን የሚያሳልፍ ቪታ ግላስ የተባለ ልዩ መስተዋት ሠርተው በየትምህርት ቤቱ፣ በለንደንም የአራዊት ማኖሪያ ለጦጣዎች ሳይቀር እስከ መግጠም ደርሰው ነበር። እኛ ግን ፀሐዩን በነጻ እያገኘነው፣ አያቲቱን አሳምነን ደረጃውን ለማስወረድ አንድ ሰዓት ያህል ፈጀብን።

ወደ ግራ ጉንጬ ልመለስ። በ2012 በአሜሪካ በሚታተመው በታወቀው ኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲሲን ላይ የ69 ዓመት ሽማግሌ ፎቶግራፍ ወጥቶ ነበር፤ ሰውዬው 28 ዓመት የዕቃ ማመላለሻ መኪና የነዳ ሲሆን፣ ወደ መሪው ጎን መስኮት ያለው ግራ ፊቱ በጥልቅ ታርሶ፣ ወፍሮና ተንጠልጥሎ፣ ቀኙ ግን በዕድሜው ልክ ሆኖ ይታያል። ያን ሥዕል ያየ ሰው የእኔን ፊት ቢያይ ገና ጀማሪ ነህ ይለኝ ነበር። በመኪና የፊተኛውና የጎኑ መስተዋት አንድ አይደሉም። የፊተኛው፣ ሲሰበር ስብርባሪው እንዳይበተን ሁለት መስተዋት በመካከላቸው የላስቲክ ሽፋን ተደርጎ የተጣበቁበት፣ ላሚኔትድ የሚባለው ነው። ሐሳቡን ፈረንሳዊው ኤዷር ቤኔዲክቱስ በ1909 በስሙ ያስመዘገበው ለደኅንነት ሲባል ነበር፤ ዛሬ በመካከል የሚደረገው ሽፋን ግን አልትራቫዮሌትን የሚውጥ ሆኖ በመገኘቱ፣ ያልተከፈለበት በረከት ሆነ። በ2016 በ29 መኪኖች ላይ በተደረገ ልኬት፣ የፊተኛው መስተዋት ከኤ ጨረር በአማካይ ከመቶ 96ቱን ሲመልስ፣ የጎኑ ግን 71 ያህል ብቻ፣ በአንዳንዱም 44 ብቻ ሆኖ ተገኝቷል። የእኛ ሾፌሮችም በግራ ስለሚቀመጡ፣ በጅቡቲ መንገድ ዕድሜያቸውን የፈጁትን የከባድ መኪና ነጂዎች ግራ ክንድ ከቀኙ ጋር ያስተያየ ሰው ይህን ለመረዳት መጽሔት አያስፈልገውም።

«ይህ የነጮች ጭንቀት ነው፤ እኛ ጥቁሮች ነን» የሚለኝ ወዳጅ አለኝ። ነገሩ ከፊሉ እውነት ነው። በ1979 የታተመ አንድ የታወቀ ጥናት እንዳሳየው፣ በጥቁር ሰው ላይኛ ቆዳ ዘልቆ የሚያልፈው ኤ ከመቶ 17 ተኩል ያህል ሲሆን፣ በነጭ ሰው ግን 55 ነው፤ ሜላኒን የተባለው የቆዳችን ቀለም ከእግዚአብሔር የተሰጠን ጃንጥላ ነው ማለት ነው። ነገር ግን ጃንጥላ የያዘ ሰው ዝናብ ውስጥ ዐሥራ ሰባት ዓመት ቢቆም ይረጥባል። ደግሞም ያ ጃንጥላ ያልተሰጣቸው፣ አልቢኒዝም ያለባቸው ወገኖች በመካከላችን አሉ፤ ለእነርሱ የቆዳ ካንሰር የሩቅ ወሬ አይደለም፤ ዓይናቸውም ብርሃን ስለማይችል፣ በትምህርት ቤት ከመስኮት ዳር የተቀመጠ እንዲህ ያለ ልጅ በቆዳውም በዓይኑም ዕዳ ይከፍላል።

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2300 ሜትር በላይ ከፍ ብላ የተቀመጠች ናት፤ አልትራቫዮሌትም በየሺህ ሜትሩ ከመቶ ዐሥር ያህል እየጨመረ ይሄዳል። ፀሐይ በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ መጨረሻ ገደማ በቀትር በአናታችን ላይ ስትቆም ለቆመ መስተዋት እምብዛም አታስቸግርም፤ የምታስቸግረው በማለዳና በሠርክ ዝቅ ብላ በምሥራቁና በምዕራቡ መስኮት ፊት ለፊት ስትገባ፣ በታኅሣሥና በጥርም ወደ ደቡብ አዘንብላ የደቡቡን መስኮት ስትጎበኝ ነው። አባቶቻችን ይህን በቁጥር ባያውቁትም በአሠራር ያውቁት ነበር ለማለት እደፍራለሁ። የአራዳን የድሮ ቤቶች ሰፊ በረንዳና የተዘረጋ የጣራ ከንፈር ተመልከቱ፤ የብራና መጽሐፍ በማኅደሩ፣ የመቅደስ ሥዕል በመጋረጃው ተሸፍኖ ለዘመናት ቀለሙን እንዴት እንደ ጠበቀ አስቡ። እርግጥ መጋረጃው የተሰቀለው ለክብር እንጂ ለጨረር አይደለም፤ ሥዕሉን ጠቅሞታል ግን። የዛሬ ሕንፃ ሠሪዎች በረንዳውን አስቀርተው፣ ግድግዳውን በሙሉ መስተዋት አድርገው፣ በውስጡ የምንቀመጠውን ሰዎች እንደ ሱቅ ዕቃ ለፀሐይ አስጥተውናል፤ ይህን ስል የራሴን ቁጣ አልሸሽግም።

ይህን ሁሉ ካወቅሁ በኋላ ወደ አንድ መስተዋት ቆራጭ ሄድሁ። እጅግ ትሑት ወጣት ነው፤ «ጋሼ፣ ሪፍሌክቲቭ ሰማያዊ ይሻልዎታል፣ ፀሐይ ይመልሳል» አለኝ። ቀለም ዓይንን ያሳርፋል፣ ሙቀትንም ይቀንሳል እንጂ፣ የመስተዋት መጥቆር ብቻውን ኤ መመለሱን አያረጋግጥም፤ በአንጻሩ ጥርት ያለ፣ ቀለም የሌለው ላሚኔትድ መስተዋት ከሞላ ጎደል ሁሉንም ሊመልስ ይችላል። በመስተዋት ላይ የሚለጠፍ ጥርት ያለ ስስ ላስቲክም እንዲሁ ያለ ኃይል ያለው አለ፤ የሚገዛውም ሰው መጠየቅ ያለበት ስለ ጥቁረቱ ሳይሆን እስከ 400 ናኖሜትር ድረስ ከመቶ ስንቱን ይመልሳል ብሎ ነው፤ ዕድሜው ሲገፋም መለወጥ አለበት። ለማድያት ግን ይህም ብቻውን አይበቃም፤ ጠይም ቆዳ በሚታየው ብርሃን፣ ይልቁንም በሰማያዊውና በሐምራዊው ስለሚጠቁር፣ ጥርት ያለውም መስተዋት ያን ስለሚያሳልፍ፣ ወፍራም መጋረጃ ወይም የብረት ዝገት ቀለም የተቀላቀለበት የፊት ቅባት ያስፈልጋል። ሐኪሙ ከሁሉ አስቀድሞ ያዘዘልኝ ግን ዋጋ የሌለውን ነው፤ ወንበሬን ከመስኮቱ ጥቂት ክንድ እንዳርቅ።

ለወጣቱ ይህን ሁሉ አስረድቼ ቀለም የሌለውን ላሚኔትድ ባዝዘው፣ ሜትሩን በትከሻው ላይ አድርጎ ትንሽ አሰበና፣ «ታዲያ ጋሼ፣ ከተገጠመ በኋላ የተለወጠ ነገር ካልታየ፣ አለቃዎ ገንዘቡ ምን ላይ ዋለ ቢሉዎት ምን ሊሉ ነው?» አለኝ። አለቃዬም በእርግጥ ይህንኑ ጠየቀኝ። ጉዳዩ በግዢ ክፍል ሦስተኛ ወሩን ይዟል፤ እኔም እስከዚያው ጠረጴዛዬን አዙሬ፣ ባለቤቴ የሰፋችልኝን የአቡጀዴ መጋረጃ ጋርጄ፣ ቀኝ ጉንጬን ወደ መስኮቱ ሰጥቼ ተቀምጫለሁ።