መርፌው ከመምጣቱ በፊት ሣራችንን እንወቅ

ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ ወደ ቢቸና ወይም ወደ ሞጣ የሄደ ሰው በየአውድማው በሬ ሲነዳ፣ መንሽ ሲነሣ፣ እብቁ በነፋስ ሲበተን ያያል። ዓይኑ ቀልቶ፣ አፍንጫው ታፍኖ፣ አከታትሎ የሚያስነጥስ ሰውም አያጣም። ሽማግሌው «ብርድ ነው» ይላል፤ ከተማ የቆየው «ሳይነስ ነው» ይላል። እኛም በዩኒቨርሲቲው መኝታ ቤት ይህንኑ ቃል ይዘን እንኖራለን። ብዙ ጊዜ ግን ሁለቱም ስም የተሳሳተ ነው። ጉንፋን በሳምንት በዐሥር ቀን ያልፋል፤ በየዓመቱ በዚያው ወራት የሚመለስ፣ ትኩሳት የሌለው፣ አፍንጫና ዓይን የሚያሳክክ ሕመም የአፍንጫ አለርጂ ነው ተብሎ መጠርጠር አለበት። በስሙ መሳሳት የሚመጣው ጉዳት ቀላል አይደለም። በጀርም ላልመጣ ሕመም አንቲባዮቲክ እየተገዛ ይዋጣል፤ ገንዘቡ ያልቃል፤ ሕመሙ ይቀራል፤ ሌሊቱን እንቅልፍ ያጣው ተማሪም ጧት ለፈተና ይቀመጣል።

ሰሞኑን በመካከላችን፣ አለርጂን ከሥሩ የሚነቅል መርፌ በውጭ አገር አለ፤ ለምን ለእኛ አይመጣም የሚል ንግግር ይሰማል። ነገሩ ከእውነት የራቀ አይደለም። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1911 ሊዮናርድ ኑን የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም በለንደን ከሣር አበባ ብናኝ ያዘጋጀውን ፈሳሽ ለሕመምተኞች በጥቂቱ እየወጋ፣ መጠኑን ቀስ በቀስ ከፍ ቢያደርገው ሕመማቸው ቀለለላቸው። ኢሚዩኖቴራፒ የሚባለው ሕክምና መሠረቱ ይኸው ነው። የሰውነት መከላከያ ምንም የማይጎዳውን ብናኝ እንደ ጠላት ቆጥሮ ሲነሣበት፣ በትንሽ በትንሹ እያለማመዱ ማስታረቅ ማለት ነው። ኪኒኑም ሆነ በአፍንጫ የሚነፋው መድኃኒት በሚወሰድበት ጊዜ ያስታግሣል፤ ይህኛው ግን ሦስት ዓመት ያህል ሳይቋረጥ ከተወሰደ፣ ካቆሙትም በኋላ ጥቅሙ ለዓመታት ሊቆይ ይችላል። ሁሉንም ሰው እኩል ስለማይረዳ ግን ከሥር ነቃይ ብሎ መጥራቱ ማጋነን ይመስለናል።

እኛ የምንለው ሌላ ነው። መርፌው የሚረዳው ሕመሙን ያመጣው ነገር በትክክል ሲታወቅና ያንኑ ነገር የያዘው ፈሳሽ ሲወጋ ነው። በውጭ አገር ተፈቅደው የሚሸጡት የሣር አለርጂ ኪኒኖች ቲሞቲን ከመሰሉ የብርድ አገር ሣሮች የተሠሩ ናቸው። የእኛው ሰርዶና ጤፍ እርስ በርሳቸው በዘር ሲቀራረቡ ከነዚያ ግን ይርቃሉ፤ ለቲሞቲ የተለማመደ ሰውነት ለሰርዶ የግድ አይለማመድም። ደግሞም ጤፍ በራሱ አበባ ውስጥ የሚዳቀል ስለ ሆነ ብናኙን ብዙ አይበትንም። ታዲያ አውድማው ላይ የሚያስነጥሰው ምንድር ነው? በገለባው ላይ ያደረ ሻጋታ ይሆን? በጎተራ የሚራቡት ጥቃቅን ተባዮች? ወይስ አለርጂ ሳይሆን አቧራው ራሱ አፍንጫን እየከረከረ? ይህ የመጨረሻው ከሆነ መርፌው ከንቱ ነው፤ አፍንጫን ሸፍኖ ነፋሱን በጀርባ ማድረግ ይበጃል።

ቆዳን ጫር አድርጎ የሚደረገው ምርመራም ብቻውን ዳኛ ሊሆን አይችልም። በ1997 ላንሴት በተባለው የሐኪሞች መጽሔት የወጣ የጅማ ጥናት እንደሚያሳየው፣ ቆዳቸው ለቤት አቧራ ተባይ የተቆጣ የከተማ ሰዎች ሲር ሲር የሚል ትንፋሽ በዝቶባቸዋል፤ በገጠሩ ግን ይህ ዝምድና አልታየም። የጅማ ከተማ ፍርድ ለጅማ ገጠር እንኳ ካልሠራ፣ የለንደኑን ለቢቸና እንዴት እንበደራለን?

አንዳንድ ጓደኞቻችን ወባና የሳንባ ነቀርሳ ባለበት አገር ስለ አፍንጫ ማውራት ቅንጦት ነው ይሉናል። የአፍንጫ አለርጂና አስም ብዙ ጊዜ አብረው እንደሚሄዱ ግን መርሳት አይገባም፤ በራሱ አውድማ ላይ መቆም ያቃተውን ገበሬ ደግሞ ስለ ቅንጦት ይጠይቁት።

የሚያሠጋን ሌላ ነው። መርፌው መጀመሪያ በየሳምንቱ፣ በኋላ በየወሩ የሚወጋ ሲሆን፣ አልፎ አልፎ ነፍስ የሚያሠጋ ድንገተኛ ቁጣ ስለሚያስነሣ ሕመምተኛው ግማሽ ሰዓት ሐኪም ፊት ይቆያል፤ አድሬናሊንም በእጅ መኖር አለበት። ቢቸናም ሞጣም ሆስፒታል አላቸው። ነገር ግን ከዓባይ በረሃ አፋፍ ተነሥቶ ሦስት ዓመት ሙሉ ቀጠሮ ማክበር፣ ያውም በ2015 ዓ.ም. በክልሉ ጦርነት ከተነሣ ወዲህ መንገዱ እየተዘጋ፣ ማን ይችላል? ከምላስ ሥር የሚቀመጠው ኪኒን የመጀመሪያው ሐኪም ፊት ተወስዶ የቀረው በቤት ስለሚወሰድ ለገጠር ይሻላል፤ ዋጋው ግን በየቀኑ ለዓመታት የሚከፈል ነው።

ስለዚህ ማመልከቻ ከመጻፋችን በፊት በእጃችን ያለውን እንሥራ። ራሱ የዚህ ሕመም ሕመምተኛ የነበረው እንግሊዛዊ ሐኪም ቻርልስ ብላክሌይ በ1873 ባሳተመው መጽሐፍ የገለጸው ምርምር የሚያጣብቅ ነገር በተቀባ መስታወት የተሠራ ነበር። በየቀኑ አየር ላይ አስቀምጦ፣ አንዳንዴም በካይት ሰቅሎ፣ የተያዘውን ብናኝ በማይክሮስኮፕ ይቆጥር ነበር። መስታወትና ማይክሮስኮፕ በየባዮሎጂው ክፍል አለ። ከቢቸናና ከሞጣ የመጣን ተማሮች ያስተማሩንን የሁለተኛ ደረጃ መምህራን ብንጠይቅ፣ ከመስከረም እስከ ጥር መስታወቱን ጣራ ላይ አውጥተው፣ ቀኑን ጽፈው፣ በአውቶቡስ ሊልኩልን ይችላሉ። ቆጠራውን የሕክምናና የባዮሎጂ ተማሮች እንካፈለው። ፈቃደኛ የሆናችሁ ስማችሁን በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት አስመዝግቡ፤ የመጀመሪያዎቹ መስታወቶች ከዓደይ አበባ በፊት መድረስ አለባቸው።