ተራ ዕቃ የሚባል አለን?

የአቶሚክ ኃይል ማመንጫ ዕቃ በሁለት ይመደባል፤ «የደኅንነት» እና «ተራ»። ለተራው ምርመራው ይላላል። እኛ ግን ዕቃ በሥራው ብቻ ሳይሆን ሲበላሽ በሚያስከትለውም ይመዘን እንላለን።

በ1979 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) በአሜሪካ፣ በስሪ ማይል አይላንድ የሆነውን እንመልከት። ሠራተኞች የተደፈነ የውሃ ማጣሪያ ሲጠርጉ ወደ እንፋሎት ማመንጫው የሚሄደው ውሃ ተቋረጠ። ግፊቱ ቢጨምር አንድ ቫልቭ ተከፈተ፤ ከዚያ ወዲያ አልዘጋም አለ። ይህም ቫልቭ ከተራዎቹ የተቆጠረ ነበር! የመብራቱ መጥፋት የ«ዝጋ» ትእዛዝ መተላለፉን እንጂ የቫልቩን መዘጋት አያሳይም፤ እንዲህ ያለ መብራት ለመሆኑ ምን ይረባል? ተቆጣጣሪዎቹ ውሃው የተትረፈረፈ መስሏቸው የአደጋ ጊዜ ማቀዝቀዣውን ቀነሱት፤ የነዳጁም እኩሌታ ያህል ቀለጠ። «የደኅንነት» የተባሉት ፓምፖች ግን በጊዜው ተነሥተው ነበር።