የአውራ በግ ዋጋ በቀለሙ ወይስ በግልገሎቹ?

የበዓል ገበያ ቀለም ይመርጣል። ቀዩና ነጩ በግ ሲወደድ ጥቁሩ ይረክሳል። ለእርድ ከሆነ የገዢው ምርጫ ነው፤ ለእርባታ ግን ቀለም ዋስትና አይሆንም። ነጭ አውራ የጥቁር ዘር በውስጡ ይዞ ሊገኝ ይችላል፤ የሚለየውም ግልገሎቹ ሲወለዱ ነው።

በመንዝ፣ በሞላሌና በመሐል ሜዳ አካባቢ፣ እ.ኤ.አ. በ2009 በተጀመረው የማኅበረሰብ እርባታ አርቢዎች የግልገሎችን ክብደት እያስመዘገቡ የተመረጡትን አውራዎች በጋራ መጠቀም ጀመሩ። ጠላቱ ችኮላ ነው፤ ፈጥኖ የሚያድገው ወጠጤ ቀድሞ ይሸጣል፣ ለዘር የሚቀረው ደካማው ይሆናል።

ስለዚህ ለእርባታ የሚገዛ ባለሀብት ከቀለም ይልቅ ለመዝገቡ ይክፈል። ያን ጊዜ አርቢውም ምርጡን አውራ በግልገሎቹ እስኪፈተን ያቆየዋል።