የሻገተው ድርቆሽ የማን ነው?

በአርዲቦ ሐይቅ ዙሪያ ከክረምት በኋላ የታጨደው ሣር ተከምሮ ይቆያል። ነገር ግን ደቡብ ወሎ በልግ የሚዘንብበት አገር ስለ ሆነ፣ ከየካቲት እስከ ሚያዝያ የሚጥለው ዝናብ ለእርሻው በረከት ሲሆን በደንብ ላልተከደነ ክምር ጠላት ነው። ውሃው ከላይ ይሰርጋል፤ ከሥርም የመሬቱ እርጥበት ይወጣል፤ ሰኔ ሲገባ የክምሩ ጫፍና ግርጌ ጠቁሮና ሻግቶ ይገኛል።

ይኸን ሣር ምን እናድርገው ብሎ መጠየቅ ለከተማ ሰው ቀላል ነገር ይመስለው ይሆናል። ለገበሬው ግን ጥያቄው የሚመጣው መኖ ባለቀበት፣ በሬውም ለእርሻ በሚፈለግበት ወር ነው። ስለዚህ ከመራብ ይሻላል ተብሎ ለከብት ይጣላል። እኛ ይኸን አንደግፍም። ሻጋታ መርዝ ሊያበጅ ይችላል፤ ከብቱን ያከሳል፤ ያረገዘችውን ላም ሊያስጨነግፋት፣ ወደ ወተቱም ሊያልፍ ይችላል። ሲያራግፉት የሚነሣው አቧራ እንኳ የሰው ሳንባ ስለሚጎዳ፣ አስቀድሞ ውሃ አርከፍክፎ መንካት ይገባል።

እንጉዳይ ይብቀልበት የሚሉም አሉ። እንጉዳይ ግን ንጹሕ ጭድ ይሻል እንጂ ሌላ ሻጋታ የቀደመውን ሣር አይወድም። ለቤት ምርጊትም ቢሆን የጤፍ ጭድ እያለ የበሰበሰ ሣር ማን ይመርጣል?

እንግዲህ የሚቀረው መሬቱ ነው። በወሎ እንጨት ስላነሰ እበቱ ኩበት ሆኖ ይነዳል፤ ጭዱንም ከብት ይበላዋል። ማሳው ከሰጠው ሁሉ የሚመለስለት ጥቂት ነው። አመድና ጥራጊ የሚደፋበት የጓሮ ጎመን ለምልሞ፣ ከቤት ራቅ ያለው ማሳ ገርጥቶ ያላየ የገጠር ልጅ የለም። የሻገተውን ድርቆሽ ግን ከብትም ምድጃም አይሻማውም፤ ለመሬቱ ቢሰጥ ከማንም አፍ አልተነጠቀም።

አሰጣጡ ዘዴ አለው። እንዳለ ቢታረስ፣ ሣሩ እስኪበሰብስ የአፈሩን ናይትሮጅን ስለሚወስድ ሰብሉ ይገረጣል፤ በውስጡ የቀረው ፍሬም አረም ሆኖ ይበቅላል። ስለዚህ ከእርጥብ ቅጠል፣ ከጥቂት እበት፣ ከአመድና ከአፈር ጋር እየተነባበረና ውሃ እየተረጨ ይከመራል። በመካከሉ ረዥም እንጨት ይሰካል። ከሳምንት በኋላ እንጨቱ ተነቅሎ ሲዳሰስ ትኩስ ከሆነ ሥራው ተጀምሯል፤ ከጋለም ሙቀቱ አብዛኛውን የአረም ዘር ይገድላል። ሲቀዘቅዝ ይገለበጣል። በሰኔ የተከመረው በጥቅምት ይደርሳል፤ ተከድኖ ቢቆይ ለበልጉ እርሻ ይውላል።

ይኸ የመጽሐፍ ወሬ ነው ይሉን ይሆናል፤ ከዩኒቨርሲቲ ከወጣን ገና ብዙ ስላልቆየን አንቀየምም። ይሁን እንጂ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1996 ዶክተር ተወልደብርሃን ገብረእግዚአብሔርና ባልደረቦቻቸው በትግራይ ከገበሬዎች ጋር የብስባሽ ሥራ ጀምረው ነበር። በኋላ እህሉ ሲመዘን ብስባሽ የገባበት ማሳ ምንም ካልገባበት በግልጽ በልጦ ተገኝቷል። ከመጽሐፍ የወጣ ሳይሆን ከአውድማ የተገኘ ነው።

አርዲቦም ከዚህ ጉዳይ ውጭ አይደለም። የተራቆተ ማሳ አፈሩ በጎርፍ ወደ ሐይቁ ይወርዳል፤ ከአርዲቦ ተርፎ የሚወጣው ውሃ ደግሞ ወደ ታችኛው ሐይቅ ይገባል፤ ያም መውጫ የለውም። ብስባሽ ያገኘ አፈር ውሃን ይይዛል፣ በቀላሉም አይታጠብም። ብቻ ክምሩ ራሱ ከሐይቁ ዳርና ከጎርፍ መንገድ ራቅ ብሎ፣ ከማሳው አጠገብ ይሠራ፤ የሚንጠባጠበው ጭማቂ ለጎመን እንጂ ለዓሣ የሚሆን አይደለም።