ተስፋ ለአራቱ ክለቦች ብቻ አይሁን

የጂዳው አል አህሊ እ.ኤ.አ. በ2022 በመጨረሻው ጨዋታ ከአል ሸባብ ጋር ያለ ግብ ተለያይቶ ወደ ታችኛው ሊግ ወረደ። በ1937 ከተመሠረተ ወዲህ እንዲህ ያለ ውርደት ደርሶበት አያውቅም ነበር። ሦስት ዓመት ሳይሞላ ግን በገዛ ከተማው የጃፓኑን ካዋሳኪ ፍሮንታሌን 2 ለ 0 ረትቶ የእስያ ሻምፒዮን ሆነ። ጋሌኖና ፍራንክ ኬሲዬ ግቦቹን አስቆጠሩ፤ ኳሶቹን ያመቻቸላቸው ሮቤርቶ ፊርሚኖ ነበር። በ1986 እና በ2012 ለእስያ ፍጻሜ ደርሶ በሽንፈት የተመለሰ ክለብ ደጋፊ በዚያ ምሽት ቢፈነድቅ ማን ይፈርድበታል?

በመካከል የሆነው ነገር ግልጽ ነው። በ2023 የሳዑዲ መንግሥት የኢንቨስትመንት ፈንድ የአል ሂላልን፣ የአል ናስርን፣ የአል ኢትሃድንና የአል አህሊን 75 በመቶ ድርሻ ያዘ። ከዚያ በኋላ የዝውውር ገንዘብ እንደ ጎርፍ ፈሰሰ።

የሌሎቹ ክለቦች ደጋፊስ?

ሊጉ 18 ክለቦች አሉት። በ2013 በምሥራቅ ሳዑዲ የሚገኘው የአል አህሳው አል ፋትህ በቱኒዚያዊው አሰልጣኝ ፋቲ አል ጀባል እየተመራ፣ ስመ ጥር ኮከቦች ሳይኖሩት ለመጀመሪያ ጊዜ ዋንጫውን አነሳ። ከዚያ ወዲህ እስከ 2025 በተካሄዱት 12 የውድድር ዘመናት ዋንጫው ከአራቱ ክለቦች እጅ ወጥቶ አያውቅም። ስለዚህ ልዩነቱን ፈንዱ አልፈጠረውም፤ ያለውን ግን አጠነከረው። አራት የዋንጫ ተፎካካሪዎች አንድ ባለቤት ሲኖራቸው፣ የአል ፋትህ ደጋፊ ፍትሐዊ ውድድር አለ ወይ ብሎ ቢጠይቅ አይፈረድበትም።

በር የሚከፍቱ ምልክቶችም አሉ። አራምኮ የያዘው የአል ኾባሩ አል ቃድሲያ በ2024 ወደ ዋናው ሊግ አድጎ በመጀመሪያው ዓመት አራተኛ ሆኖ ጨረሰ፣ ለንጉሡ ዋንጫ ፍጻሜም ደረሰ። በ2025 ደግሞ ከቃሲም ክልል የመጣው አል ኹሉድ ለአሜሪካዊ ኩባንያ ተሸጠ፤ በውጭ ባለሀብት የተያዘ የመጀመሪያው የሳዑዲ ክለብ ሆነ።

ነገር ግን የክለብ ዕጣ ጠንካራ ባለሀብት በማግኘትና ባለማግኘት ብቻ መወሰን የለበትም። ሳዑዲ የ2034ን የዓለም ዋንጫ ታስተናግዳለች። እስከዚያ ሊጉ የቴሌቪዥን ገቢን ለትናንሽ ክለቦች በሚበጅ መንገድ ማከፋፈል፣ ፈንዱም በአራቱ ክለቦች ያለውን ድርሻ ደረጃ በደረጃ ለተለያዩ ባለቤቶች ማስተላለፍ አለበት። ይህ ካልሆነ ከአራቱ ውጭ ያለው ደጋፊ በየዓመቱ የሚጠብቀው ላለመውረድ መታገልን ብቻ ይሆናል።