የሾላው ሎሚና የእናቴ ድድ

ባለፈው ቅዳሜ ከእናቴ ጋር ሾላ ገበያ ሄደን ነበር። ቅቤና በርበሬ ከገዛን በኋላ ሎሚ ከምትሸጠው ሴት ፊት ቆመችና ሁለት መደብ አስቀዳች። እኛ ቤት ሎሚ ይህን ያህል አይፈለግም። “ለምንድን ነው እማዬ?” ብላት ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ “ለድዴ ነዋ! ሐኪሙ ራሱ የሎሚ አሲድ ብሎ የለ?” አለችኝ።

እናቴ በልጅነቷ ድዷን ተነቅሳለች። በእሷ ዘመን ድድ መነቀስ ለውበትም፣ ድድ ያጠነክራል ተብሎም ነበር። ያ ንቅሳት ዛሬ ሌላ ነገር ያሳየናል፤ ከላይኞቹ የፊት ጥርሶቿ ወደ ላይ ሸሽቶ፣ ከሥሩ ቢጫ ያለው የጥርስ ሥር ብቅ ብሏል። ለዓመታት “እርጅና ነው” እያልን አልፈነዋል።

ሐኪሙ ግን ዕድሜ ብቻውን አይደለም አለን። ጥርስና ድድ በሚጋጠሙበት ቦታ የሚጠራቀመው ቆሻሻ እየጠጠረ ታርታር ይሆናል። እዚያ የሚራቡት ባክቴሪያዎች ድዱን ያስቆጡታል። መጀመሪያ ሲፋቅ ይደማል፤ ቆይቶ ጥርሱን የያዘው አጥንት እየተበላ ድዱም ይሸሻል፤ በመጨረሻ ጥርሱ ይነቃነቃል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሪፖርት በዓለም ላይ ከ1 ቢሊዮን በላይ ሰዎች ከባድ የድድ በሽታ እንዳለባቸው ገልጿል።

የሎሚው ነገር የመጣው እዚህ ላይ ነው። የጥርሱ ሥር በመሣሪያ ከተፋቀ በኋላ እንደ ደለል ያለ ስስ ሽፋን ይቀርበታል። ስለዚህ አንዳንድ ሐኪሞች በቀዶ ሕክምና ጊዜ ድዱን ገልጠው ሥሩን ሲትሪክ አሲድ፣ ቴትራሳይክሊን ወይም ኢዲቲኤ የተባለ ጄል ለጥቂት ደቂቃ ይቀቡትና ያጥቡታል። ደለሉ ሲነሳ ኮላጅን የተባሉት የሥሩ ጭረቶች ይገለጣሉ። አዲሱ ሥጋ እነሱን ይዞ እንዲያድግ ነው ሐሳቡ።

ለእናቴ በቤት ምሳሌ ነገርኳት። “እማዬ፣ አቧራው ሳይጠረግ ግድግዳ ቢለሰን ልስኑ ይይዛል?”

“እንዴት ብሎ!”

“ሐኪሙ ያለው እሱን ነው።”

“ታዲያ እኔስ በሎሚ ብጠርገው?”

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ቤት ውስጥ የሚታሸው ሎሚ ከድድ ሥር ያለውን ታርታር አያነሳም። የሚያገኘው የተጋለጠውን የጥርስ ሥር ነው፤ እሱ ደግሞ እንደ ጥርሱ አናት ጠንካራ ሽፋን የለውም። አሲዱ እየሸረሸረው ቀዝቃዛና ትኩስ ያንዘረዝረዋል፤ ለመቦርቦርም ያጋልጠዋል። የሐኪሙ መድኃኒት ግን መጠኑና ደቂቃው የተለካ፣ ወዲያው የሚታጠብ ነው።

እሱም ቢሆን ተአምር አይሠራም። በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ሲጀመር ትልቅ ተስፋ ተጥሎበት ነበር። በ2003 እ.ኤ.አ. የታተመ የጥናቶች ግምገማ ግን ሥሩን በእነዚህ ነገሮች መቀባት ለታካሚው ይህ ነው የሚባል ተጨማሪ ጥቅም አላስገኘም ብሏል። ዋናው ሥራ የሥሩ በደንብ መፋቅና ከዚያ በኋላ በየቀኑ ንጹሕ መሆኑ ነው። የሸሸ ድድ በራሱ ተመልሶ አያድግም፤ መሸሹን ማስቆም ግን ይቻላል።

ስለዚህ ወላጆቻችሁን ወደ ጥርስ ሐኪም ስትወስዱ ጠይቁ። ታርታሩ ተነሥቷል ወይ? ድዱን ለማሳደግ የሚቀባው ነገር ምን ይጨምርልናል? ከምንስ የተሠራ ነው? የመጨረሻውን ጥያቄ አትናቁት፤ ለዚህ ሕክምና ከሚውሉት ጄሎች አንዱ ከአሳማ የጥርስ እንቡጥ የሚወጣ ፕሮቲን ነው፤ እምነቱ የማይፈቅድለት ሰው አስቀድሞ ሊያውቅ ይገባል። ስኳር ያለባቸውም ይህንኑ ለሐኪሙ ይንገሩ። ስኳሩ ድዱን ያባብሳል፤ የታመመ ድድም ስኳሩን ለመቆጣጠር ያስቸግራል።

መፋቂያ ለለመዱትም ወይራውም ልምጩም ጥሩ ነው። ጫፉ በደንብ ይታኘክና ይለስልስ፤ ወደ ጎን እንደ መጋዝ መገዝገዝ ግን ድድ ያሸሻል። በብሩሽም ቢሆን ለስላሳውን መርጦ ቀስ ብሎ ነው።

እናቴ ይህን ሁሉ ሰምታ ሎሚውን አልመለሰችም። “ለሰላጣ ይሆናል” አለች። ጥቂት እንደሄድን ግን ቆም ብላ አየችኝ።

“አንቺስ ስትፍቂ ይደማሻል?”

“አልፎ አልፎ።”

“እንግዲያው ሰኞ አብረን ነው የምንሄደው።”