«አትጨነቂ» የሚባል መድኃኒት የት ይሸጣል?

ለዛሬ የመረጥነው የአንዲት የ25 ዓመት ወጣት ደብዳቤ ነው። ስሟን አንጠቅስም። ችግሯ ግን የብዙዎቻችሁ ነውና አብራችሁን ዝለቁ።

«... በአንድ የግል ድርጅት ውስጥ ካሸር ነኝ። የምኖረው ከእናቴና ከሁለት ታናናሽ ወንድሞቼ ጋር ሲሆን ቤቱ የሚተዳደረው በእኔ ደመወዝ ነው። ከአራት ወር በፊት ሒሳብ ስዘጋ 1,800 ብር ጎደለብኝ። ከደመወዜ ተቆረጠ። ለእናቴ አልነገርኳትም። ከዚያ ወዲህ ብር በቆጠርኩ ቁጥር እጄ ይንቀጠቀጣል። አንድ ቀን ማታ ታክሲ ውስጥ ልቤ ድው ድው ይል ጀመር፤ ትንፋሽ አጠረኝ፣ ጣቶቼ ደነዘዙ። ሞትኩ ብዬ ሰፈሬ ሳልደርስ ‹ወራጅ አለ!› ብዬ ጮህኩ። ክሊኒክ ሄጄ ልቤም ደሜም ተመረመረ። ‹ምንም የለብሽም፤ ጭንቀት ነው፤ አትጨነቂ› ተባልኩ። እንዴት ነው አለመጨነቅ? እናቴ ጠበል ሂጂ ትለኛለች። ጓደኛዬ ሜዲቴሽን ጀምሪ ትለኛለች። እኔ ደግሞ ሥራዬን ልለቅ ነው። ምን ትመክሩኛላችሁ?»

እህታችን፣ በመጀመሪያ መመርመርሽ ደግ አደረግሽ። የልብ ሕመም፣ የደም ማነስም ሆነ የእንቅርት ችግር ልብን ድው ድው ሊያሰኙ ይችላሉ። እነሱ ከሌሉ እሰየው! «ምንም የለብሽም» የሚለው ግን አይዋጥልንም። የደረሰብሽ ነገር እውነተኛ ነው። እንዲህ ያለውን ድንገተኛ የፍርሃት ማዕበል ሐኪሞች ፓኒክ አታክ ይሉታል።

ጭንቀት የሐሳብ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ሰውነት አደጋ መጣ ብሎ ሲያምን አድሬናሊን ይረጫል። ልብ ይፈጥናል፣ ጡንቻ ይወጠራል፣ ትንፋሽ ቁርጥ ቁርጥ ይላል። ከጅብ ለማምለጥ ቢሆን ይህ ሁሉ ግሩም ነበር! ችግሩ ሰውነታችን ጅቡንና የጎደለውን ሒሳብ አይለይም። ጅቡ ሲሄድ ሩጫው ያበቃል፤ ሒሳቡ ግን ነገም አለ፣ ከነገ ወዲያም አለ።

የጣቶችሽ መደንዘዝም ምክንያት አለው። ሰው ሲደነግጥ ቶሎ ቶሎ ይተነፍሳል። ያኔ በደም ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከሚገባው በታች ይወርዳል፤ ጣትና ከንፈር ይነዝራል፣ ራስ ይዞራል። አየር አጠረኝ ብለሽ በኃይል ስትስቢ ደግሞ ይብስብሻል።

ታዲያ መፍትሔውም እዚያው ነው። ልብሽን «ቀስ በል» ብትይው አይሰማሽም። ጨጓራሽም እንደዚያው። ትንፋሽ ግን ሳታስቢውም ይሠራል፣ ስታዢውም ይታዘዛል። በተለይ ስታስወጪ ካረዘምሽው፣ ከአንጎል ተነስቶ እስከ ልብና ሆድ የሚወርደው ቬገስ የተባለው ነርቭ ልብን ረገብ ያደርገዋል።

የሐርቫርዱ ሐኪም ኸርበርት ቤንሰን እ.ኤ.አ. በ1975 ባሳተሙት መጽሐፍ፣ በየቀኑ ጸጥ ብሎ ተቀምጦ አንድ ቃልን በልብ መደጋገም ሰውነትን ከውጥረት ወደ ዕረፍት እንደሚመልስ አስረድተዋል። ኋላም ቃሉ ከገዛ ሃይማኖት ጸሎት ሊወሰድ እንደሚችል ጽፈዋል። ስለዚህ ጠበልሽን ተዪ የሚልሽ የለም። ትንፋሽ የማንም ሃይማኖት አይደለም። የስታንፎርድ ተመራማሪዎችም እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጡት ጥናት፣ ለአንድ ወር በቀን 5 ደቂቃ ብቻ አወጣጡን እያረዘሙ የተነፈሱ ሰዎች ስሜታቸው መሻሻሉን አሳይተዋል።

አደራረጉ ይኸውልሽ፦

ጠዋት ቤተሰቡ ከመነሳቱ በፊት፣ 12 ሰዓት ላይ፣ አልጋሽ ጫፍ ላይ ቀጥ ብለሽ ተቀመጪ። ልዩ ምንጣፍ፣ ልዩ ልብስ አያስፈልግም። እግርሽ መሬት ይንካ። አንድ እጅሽን ሆድሽ ላይ አሳርፊ።

በአፍንጫሽ እስከ 4 እየቆጠርሽ ሳቢ። ደረትሽ ሳይሆን ሆድሽ ይነሳ። ከዚያ እስከ 6 እየቆጠርሽ ቀስ ብለሽ አስወጪ። ይህ በደቂቃ 6 ጊዜ ያህል መተንፈስ ነው። በ5 ደቂቃ 30 ትንፋሽ ማለት ነው፤ ሲለመድ ወደ 10 ደቂቃ አሳድጊው። ራስሽን ካዞረሽ በኃይል እየሳብሽ ነውና ቀለል አድርጊው።

ሐሳብሽ መሄዱ አይቀርም። ወደ ካዝናው፣ ወደ ቤት ኪራዩ ይሮጣል። አትቆጪው! ከደጅ እንደወጣ ሕፃን እጁን ይዘሽ ወደ ትንፋሽሽ መልሺው። መቶ ጊዜ ቢሄድ መቶ ጊዜ መልሺው። ሜዲቴሽን የሚባለው ይኸው መመለሱ ነው እንጂ ሐሳብ አልባ መሆን አይደለም።

አደራ፣ ታክሲ ውስጥ እስኪያጣድፍሽ አትጠብቂ። ዋና የሚለማመዱት ጎርፍ ከመጣ በኋላ አይደለም! በየቀኑ ከሠራሽው በችግር ሰዓት አካልሽ መንገዱን ያውቀዋል። ከሰዓት በኋላ የምትጠጪውንም ቡና ለጊዜው ቀንሺው፤ ልብ የሚያፈጥን ነገር አሁን አይበጅሽም።

አንዱን እውነት ግን አንደብቅሽም። ትንፋሽ 1,800 ብር አይመልስም። ጥቅሙ ሌላ ነው፤ ረጋ ያለ ሰው ይመክራል፣ የተደናገጠ ሰው ይሸሻል። ሥራ መልቀቁን እንግዲህ በረጋሽበት ቀን አስቢው እንጂ ዛሬ አትወስኚው። እስከዚያው ፈረቃ ስትቀያየሩ ብሩን ሁለት ሆናችሁ እንድትቆጥሩና እንድትፈራረሙ አለቃሽን ጠይቂ። ለእናትሽም ንገሪያቸው። አንድ ሰው ብቻውን የተሸከመው ምስጢር ከጎደለው ብር ይከብዳል።

በተረፈ ስትንቀሳቀሺ ደረትሽን ካመመሽ ወይም ራስሽን ከሳትሽ ቶሎ ወደ ሐኪም ሂጂ። እንቅልፍ ለሳምንታት ከራቀሽ፣ ድንገተኛው ፍርሃት እየተደጋገመ ከሥራ ካስቀረሽ የአእምሮ ሐኪም ያስፈልግሻል። «ብሞት ይሻላል» የሚል ሐሳብ ከመጣብሽ ደግሞ ለነገ አትበይ፤ የምታምኝውን ሰው ይዘሽ በዚያው ቀን ሂጂ። አማኑኤል ሆስፒታል ሲባል የምንደነግጥበት ዘመን ማለፍ አለበት። ጥርሱን ያመመው ጥርስ ሐኪም ጋ ሲሄድ ማን ይስቅበታል?

እህታችን፣ ለአንድ ወር ሞክሪውና ጻፊልን። እናንተም አንባብያን፣ ነገ ጠዋት 30 ትንፋሽ! ሳምንት እስክንገናኝ ቸር ሰንብቱ።